ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዘው ሚኒባስ

መበረታታት እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር። ሃምሳ ዓመት ከምናምን ስኖር መንግሥት “አቁም” ብሎኛል፣ “መንጃ ፈቃድ አምጣ” ብሎኛል፣ “ነገ ተመለስ” ብሎኛል። “በርታ” ያለኝ ግን አምና ነው። ያን ቀን መጠርጠር ነበረብኝ።

እኔ ከሐይቅ ደሴ ሰው የማመላልስ ሹፌር ነኝ። የምነዳት አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ነበረች። ነበረች ስል አዝናለሁ፤ እሷን ከመንዳት ይልቅ ማደያ አሰልፌ የቆምሁበት ጊዜ ይበልጣል። ለትልቋ ልጄ ሽማግሌ የተላከው እንኳ ማደያ ሰልፍ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለቴ ቤት መጥተው አላገኙኝም፤ በሦስተኛው “የት ነው የሚውለው?” ብለው ጠይቀው እዚያው መጡ። ልጄን ቆሜ፣ አንድ እጄን መሪው ላይ አድርጌ ሰጠሁ። ሰልፉ ድንገት ቢንቀሳቀስስ?

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው የግንዛቤ ማስጨበጫ ስብሰባ የተጠራሁት። ከላይ የመጣው ባለሙያ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም የተተኮሰ ወጣት ነበር። የኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዛ ማበረታቻ እንዳለ አስረዳን። ቀረጡ ተነስቷል ወይም ቀንሷል፤ በነዳጅ የሚሠራ አዲስ አውቶሞቢል ማስገባት ቀርቷል፤ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ በየከተማው ሊተከል ታቅዷል፤ ጭስ የለም፣ ሰልፍ የለም። ሰልፍ የለም ሲል ዓይኔ እንባ አቀረረ።

እጄን አውጥቼ፣ “ዳገት ይወጣል?” አልሁት።

“ጥሩ ጥያቄ ነው” አለ። ባለሥልጣን ጥሩ ጥያቄ ነው ካለ መልሱ ጥሩ እንዳልሆነ ማወቅ ነበረብኝ። “የተሞከረው በጠፍጣፋ መንገድ ነው። በጠፍጣፋ መንገድ ሩቅ ይሄዳል።”

እኛ አገር ጠፍጣፋው ሐይቁ ብቻ ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ ጀልባ ነው የሚሠራ። ይህን በልቤ እያሰብሁ ሳለ አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። የሕይወቴ ትልልቅ ስህተቶች ሁሉ የተጀመሩት በጭብጨባ ነው። ሠርጌን አልጨምርም፤ ባለቤቴ ፋጡማ ማንበብ ትችላለች።

ፋጡማ ነገሩን ሰምታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። “የት ነው የምታበላት?”

“ማንን?”

“መኪናዋን ነዋ! አባቴ በቅሎ ሊገዛ ሲል መጀመሪያ ያየው ጓሮው ያለውን ገለባ ነው።”

“ጣቢያ ሊተከል ነው አንቺ! ታቅዷል።”

“እኛም ቤታችን ሳሎኑ ሊታደስ ታቅዷል” አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

አሮጌዋን ሸጬ፣ ተበድሬ፣ ነጭ የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ገዛሁ። ስታምር! ማሻአላህ ነው የሚያሰኝ። መጀመሪያ ቀን መናኸሪያ አስገብቼ ሰው ሞላሁና ቁልፉን አዞርሁ። ምንም ድምፅ የለም።

ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ “አስነሳው እንጂ ልጄ” አሉኝ።

“ተነስቷል አባባ።”

“ታዲያ ለምን አይጮህም?”

“በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራ።”

ሽማግሌው ትንሽ አዳመጡ፤ ከዚያ ምርኩዛቸውን አንስተው ወረዱ። ተከትለዋቸው ግማሹ ሰው ወረደ። ሁሉም ተያይዘው አጠገቤ ወደቆመው፣ እንደ ከብት ወደሚያስለውና ወደሚጨሰው ሚኒባስ ገቡ። እሱ መነሳቱን በአፍንጫም ማወቅ ይቻላል። ከዚያ ወዲህ እኔ ዘፈን ከፍ አድርጌ ሳልከፍት ከመናኸሪያ ወጥቼ አላውቅም።

ደግሞ ውስጧ አንዲት ሴት አለች። በሩ ሳይዘጋ ትናገራለች፣ ቀበቶ ሳይታሰር ትናገራለች፣ ባትሪው ሲቀንስ ትናገራለች፤ ቻይንኛ ነው። ቋንቋዋን የሚቀይር ሰው ፈልጌ አጣሁ። ፋጡማ አንድ ቀን ከጎኔ ተቀምጣ ሰማቻትና፣ “ምን ትልሃለች?” አለችኝ።

“እኔንጃ።”

“ግድ የለም ትስማማላችሁ፤ የኔም ይኸው ስንት ዓመቱ አልገባህም።”

ቤት ቻርጅ ሳደርግ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዓይን ይሆናል። ምድጃና መኪና አብረው አይሠሩም። ፋጡማ ሕግ አወጣች፤ መጀመሪያ ሰው ይበላል፣ ከዚያ መኪና። ሕጉን ጥሼ አንድ ቀን ሽሮው ሳይበስል ብሰካት ሽሮውን ከነድስቱ መኪናው ውስጥ አገኘሁት። “እሷ ታብስልልህ” አለችኝ።

የታቀደውን ጣቢያ ፍለጋ ሄድሁ። አለ! ውሸት አይደለም። ከከተማው ዳር “ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቻርጅ ማድረጊያ የተከለለ ቦታ” የሚል ታፔላ ተተክሏል። የታፔላው ቋሚ ላይ አንዲት ላም ታስራ ትግጣለች። ጉዳዩን ለሚመለከተው ቢሮ ባመለክት፣ “ማሽኑ ከመጣ ትራንስፎርመር ነው የቀረን” አሉኝ።

“ማሽኑ መጥቷል?”

“አልመጣም። ከመጣ ነው ያልነው።”

ላሟን እያየሁ ብዙ ቆምሁ። ከኔ ይልቅ እሷ ከማበረታቻው ተጠቃሚ ነበረች፤ ሣሩ ለምለም ነው።

እንግዲህ የእማማ እታገኝ ነገር የመጣው በዚህ መሀል ነው። እማማ እታገኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ልጆቼን አዝለው ያሳደጉ፣ እኔ ጾም ስይዝ ማፍጠሪያ የሚልኩ፣ እሳቸው ጾም ሲይዙ ፋጡማ ቤት ሥጋ ሲወጠወጥ መስኮቱ የሚዘጋላቸው። በየዓመቱ ለመስከረሙ ንግሥ ግሸን ማርያም ሳይሄዱ ቀርተው አያውቁም። አምና ግን ጉልበታቸው ከዳቸው። አውቶቡስ ላይ ተጋፍቶ መውጣት አቃታቸውና ቤታቸው ዋሉ። ቀኑን ሙሉ በራቸው አልተከፈተም።

ዘንድሮ መጥተው ደጃፌ ላይ ቆሙ። “ልጄ፣ ያቺ የማትንጫጫው መኪናህ ግሸን ትደርሳለች?”

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ግን እማማ ዓይኔን እያዩኝ ነው። “ወላሂ አደርስዎታለሁ” አልሁ። ፋጡማ ከውስጥ ሆና አሳላት፤ ሳሏ ግን የጉንፋን አልነበረም።

ጎህ ሲቀድ አሥራ አንድ ሰው ይዤ ከሐይቅ ወጣሁ። ሁሉም ነጭ በነጭ ለብሰዋል። እማማ ከጎኔ፣ ጧፋቸውንና ዳቧቸውን ታቅፈው ተቀመጡ። ባትሪዋ ጢም ብላ ሞልታለች። አስፋልቱን ስንበር ሁሉም አመሰገነኝ። የመኪናዋ ቻይንኛ ተናጋሪ ሴትዮ ስለ ቀበቶ አንድ ነገር ተናገረች። እማማ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ “አሜን” አሉ።

“ምን ብላ ነው አሜን የሚሉት?”

“ድምጿ የዋህ ነው። ክፉ አትናገርም።”

ከአስፋልቱ ተገንጥለን ጠጠሩን ያዝን፤ ዳገቱም መጣ። እኔ የአምባሰልን ዳገት ከናፍጣ ጋር ነበር የማውቀው፤ ናፍጣ ይጮሃል፣ ያማርራል፣ ግን ይወጣል። ይቺ ዝም ብላ፣ ሳታማርር ትሄዳለች፤ የባትሪዋ ቁጥር ብቻ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ወደታች ይወርዳል። ቁጥሩ በወረደ ቁጥር ሴትየዋ ትናገራለች፤ ሴትየዋ በተናገረች ቁጥር እማማ አሜን ይላሉ፤ እማማ አሜን ሲሉ የኋላው ሁሉ አሜን ይላል። መኪናው ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ ያልጸለይሁ፤ ኋላ እኔም ጀመርሁ።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ከመሪው ፊት ያለው መስታወት ላይ የኤሊ ሥዕል ወጣ። ይህን ያህል ዓመት ስነዳ መኪና ራሷን ስትሰድብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ የሄድነው በኤሊ ነው። እንዲቀልላት ከእማማ በቀር ሰው ሁሉ ወርዶ በእግሩ ሄደ፤ የወረዱት ቀድመውን ሄደው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቁናል። አንዲት መንደር ጣራዋ መታየት ስትጀምር ኤሊዋም ቆመች።

“ግፉ!” አልሁ። አሥሩ ሰው ነጭ ነጠላውን አደግድጎ መግፋት ጀመረ። በመዝሙር ነው የሚገፉ። እኔ መሪ ይዣለሁ፤ እማማ ከጎኔ ያጨበጭባሉ። ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ ምዕመናን ሲያልፉን፣ “በርቱ! በርቱ!” ይሉናል። ይሄኛው ማበረታቻ ግን ከልብ ነበር።

መንደሯ ውስጥ ጠንካራ መብራት ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የአቶ ይመር ወፍጮ ቤት። አቶ ይመር እስከ ሽፋሽፍታቸው ዱቄት የለበሱ፣ እርጋታ የበዛላቸው ሰው ናቸው። ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰምተው መኪናዋን ዞረው አዩ።

“ኃይሉስ አለኝ። ግን ሁለት አይችልም። ወይ ወፍጮው ይዞራል ወይ መኪናህ ትበላለች።”

ወረፋ ላይ የነበሩት ሴቶች ይህን ሰምተው ከበቡኝ። ከሁሉም ፊት የመጣችው ዘሀራ የምትባል፣ ሻሿን ጠበቅ ያደረገች፣ አፏ ስል ሴት ነበረች።

“ስንት ሰዓት ነው የምትበላው?”

“ቢያንስ ሦስት ሰዓት።”

“ሦስት ሰዓት! ግመል ናት እንዴ? እኛ ከጎህ ጀምሮ ነው እዚህ ያለን። ወረፋህን ያዝ!”

ወረፋ የሚያዘው በእህል ነው። እኔ እህል የለኝም። ተከራክረን ተከራክረን፣ በአንዲት ቁና ማሽላና በአንድ ጆንያ ገብስ መካከል ትርፍ ጎማዬን አጋደምሁ። ሰልፍ የለም ተብሎ የተጨበጨበለት ስብሰባ ትዝ አለኝ። ማደያ ቢሆን ቢያንስ የሚሰለፈው ከመኪና ጋር ነበር።

ሰዎቼ ሥራ አልጠሉም። ወረፋው እንዲፋጠን ጆንያ ተሸከሙ፣ እህል አበጠሩ፣ ዱቄት ዘገኑ። የክት ልብሳቸው ይበልጥ ነጣ። ጎማዬ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ እያለች ስትጠጋ በኩራት አብሬያት እጠጋለሁ።

በዚህ መሀል አንድ ፒካፕ አቧራውን እያስነሳ መጥቶ ቆመ። ከውስጡ የወረደው ያ የተተኮሰው ባለሙያ ነው! እኔ አወቅሁት፤ እሱ አላወቀኝም። የመኪናዬን ገመድ ከወፍጮው አጠገብ ተጠቅልሎ ሲያይ ፊቱ በራ።

“በጣም ጥሩ ተሞክሮ ነው!” አለና ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ጀመረ። “ኅብረተሰቡ በራሱ ተነሳሽነት የቻርጅ አገልግሎት አቋቁሟል ማለት ነው። እስቲ ጋሼ፣ ከጎማው ጋር ይቁሙልኝ።”

ቆምሁለት። ምን ላድርግ፣ ሲያበረታቱኝ እምቢ ማለት አልችልም። ፎቶውን ከተነሳሁ በኋላ፣ “ያንተኛዋስ በኤሌክትሪክ ናት?” አልሁት።

“ኧረ ይቺ ናፍጣ ናት።” ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እኛ እኮ መስክ እንወጣለን ጋሼ። ዳገት አለ።”

ልስቅ አስቤ ነበር፤ አልመጣልኝም። እሱ ክፉ ልጅ አልነበረም። እማማን አይቶ፣ “እናቴ አንድ ቦታ አለችን፣ ላድርስዎት” አላቸው። እኔም ደስ አለኝ፤ መሐላዬ በናፍጣም ቢሆን ይፈጸምልኛል። እማማ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ተባረክ ልጄ። ከሰዎቼ ጋር ወጥቻለሁ፤ ከሰዎቼ ጋር ነው የምገባ።”

ፒካፑ ሄደ። ጭሱ እስኪበተን አየሁት፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሽታው ናፈቀኝ።

ከጎማዬ ፊት አራት ሰው ሲቀር መብራት ጠፋ። ወፍጮው ተንፏቅቆ፣ አጉረምርሞ ዝም አለ።  አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀመረች። እማማ እታገኝ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጧፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰማኋቸው።

“እመቤቴ ዘንድሮም አልፈቀደችልኝም ማለት ነው።”

የሚያለቅሱት ያለ ድምፅ ነበር። ቀልዴ ሁሉ አፌ ላይ ደረቀ። ጣቢያው አለመተከሉ፣ ላሟ፣ ባለሙያው፣ ሁሉም የሰው ጥፋት ነው፤ “ወላሂ” ያልሁት ግን እኔ ነኝ። ዳገቱን እያወቅሁ። ከፊታቸው መቆም አፍሬ ከመኪናዋ ጀርባ ሄጄ የአስር ሶላቴን ሰገድሁ፤ ስጨርስም ቶሎ አልተነሳሁም።

ስመለስ ዘሀራ ከእማማ እግር ሥር ተቀምጣ ጉልበታቸውን ታሻለች። ቅቤ ከየት እንዳገኘች አላውቅም።

“የእናቴም ጉልበት እንዲህ ነበር” ትላለች። “እዚህ ጋ ነው አይደል የሚጠዘጥዝዎት?”

“እሱን ነው ልጄ። እጅሽ ይባረክ። ልጆች አሉሽ?”

“አራት አሉኝ፣ አልሀምዱሊላህ። ለእነሱ ነው ዱቄቱ።”

እንዲህ እያወሩ ሳለ አምፖሉ ቦግ አለ። ሴቶቹ ሁሉ ተነስተው ወደየጆንያቸው ሮጡ። ዘሀራ ግን ወደ ጎማዬ ሄደች፤ በሁለት እጇ አቁማ እያንከባለለች ከሁሉም ፊት አስቀመጠቻት።

አንዷ፣ “አንቺ! ልጆቼ ማታ ምን ሊበሉ ነው?” ብላ ጮኸች።

“የኔስ ምን ሊበሉ ነው? ንፍሮ ይበላሉ፤ ያንቺዎቹም ንፍሮ ይበላሉ፤ አንድ ቀን ንፍሮ የገደለው ሰው የለም። ማርያም ጋ የሚሄዱ እናት እዚህ አስቀርተን እንዴት ያለ ዱቄት ነው ይዘን የምንገባ?” ወደ እኔ ዞረች። “አንተ ደግሞ ሦስት ሰዓት የለም! አንድ ሰዓት። ጠግባ ሳይሆን ነፍስ ዘርታ ትሂድ።”

የጮኸችው ሴት ጆንያዋን ወደ ኋላ ሳበች። አቶ ይመር ወፍጮውን ነቀሉና የኔን ሰኩ። ያን ሰዓት እኔ ከአንዷም ፊት ቀና ብዬ አላየሁም።

በአንድ ሰዓት ምግብ፣ ግማሹን እየነዳን ግማሹን እየገፋን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪና የሚቆምበት ደረስን። ከዚያ ወዲያ የሁሉም ሰው መንገድ እግር ነው፤ ናፍጣም ኤሌክትሪክም እኩል የሚሆኑበት ቦታ። እማማን በክንዴ ይዤ ወጣሁ። አሥር እርምጃ ሄደን እናርፋለን፤ አሥር ሄደን እናርፋለን። ሁለታችንም እናለከልካለን፤ እሳቸው ግን ይስቃሉ። ከበሩ ሲደርሱ ክንዴን ለቀው ተደፍተው መሬቱን ሳሙ። እኔ ከውጭ ቀረሁ። ዓይኔ ውስጥ የገባው አቧራ ነው፤ መንገዱ አቧራ አለው።

በማግስቱ ስንመለስ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። መንገዱ አብዛኛው ቁልቁለት ሆነ፤ ለካስ ይቺ መኪና ፍሬን ሲይዟት ባትሪዋ ራሱ ይሞላል! ቁጥሩ ሲወጣ እያየሁ ጮህሁ። ሴትየዋ አንዴም አልተናገረች። ወፍጮ ቤት ስንደርስ ዘሀራና ጎረቤቶቿ ዱቄታቸውን አስፈጭተው ሊሸከሙ ሲሉ አገኘናቸው። ከነጆንያቸው አስገብቼ፣ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ፣ እስከየደጃፋቸው አደረስኋቸው። ዘሀራ ስትወርድ መኪናዋን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ፣ “እንዲህ ስትሆኚ እኮ ደግ ነሽ” አለቻት።

የባለሙያው ፎቶ ምን እንደሠራ ልንገራችሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ የከተማ ሰው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሉን እየነዳ “ጣቢያው የት ነው?” እያለ አቶ ይመር ዘንድ ደርሷል አሉ። አቶ ይመርም በትሕትና ወረፋ አስያዙት። ታፔላው ላይ የታሰረችው ላም ደግሞ ወልዳለች።

ያን ቀን ከግሸን ስንገባ እማማ እታገኝን ከደጃፋቸው አውርጄ ዳቧቸውን ሳቀብላቸው ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት በርቶ ነበር። አምና የቀረባቸውን ስለት አድርሰዋል፤ ደግሞ አዲስ ስለት እንደተሳሉ ነገሩኝ።

“ምን ተሳሉ እማማ?”

“ለከርሞ በሰላም ካደረሰችኝ፣ ከዚህ ከሐይቅ ተነስቼ በእግሬ ልመጣላት።”

ደነገጥሁ። “በዚያ ጉልበት? ኧረ ስለ ፈጣሪ! ለምን እንዲህ ያለ ከባድ ስለት ይሳላሉ?”

እማማ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ። እንዳይከፋኝ ተጠንቅቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

“በመኪና ደከመኝ፣ ልጄ።”